የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሮማን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ወደ ሮማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለመጓዝ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። በመጪው መስከረም መጨረሻ ከልጄ ጋር ሮማን ለአራት ቀናት ለማየት አስበናል። ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ «ይህን ሳታዪ እንዳትመለሺ» እያሉ የሰጡኝን ስም ስደምረው ከሠላሳ በላይ ቦታ ሆነብኝ። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ከየት ልጀምር? ምኑንስ ልተው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ የመረጡት ጊዜ ለሮማ ከሚመቹት ወራት አንዱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የከተማዋ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲተፋ ያመሻል፤ በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ነዋሪው ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ተራራ ስለሚወጣ ብዙዎቹ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። የእርስዎ መስከረም መጨረሻ በእነርሱ ዘንድ የጥቅምት ወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ ቀኑ ለእግር ጉዞ የሚመች፣ ምሽቱም በቀላል ሹራብ የሚታለፍ ነው።

ስለ ሠላሳዎቹ ስሞች ግን በግልጽ ልንገርዎ፤ ዝርዝሩን ይተዉት። ሮማ አዲሱ ዘመን በአሮጌው ጫንቃ ላይ እየተሠራ የተነባበረባት ከተማ ስለሆነች፣ ከአንዱ ዝነኛ ስፍራ ወደ ሌላው በታክሲ የሚሮጥ ጎብኚ በመካከል ያለው ሁሉ ያመልጠዋል። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን ከ271 ጀምሮ ያሠራው ቅጥር 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከቫቲካን በቀር አዲስ እንግዳ ሊያየው የሚሻው አብዛኛው ነገር በዚሁ ቅጥር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ቀኖችዎን በሰፈር በሰፈር ይከፋፍሏቸው፤ በየቀኑ ጠዋት አስቀድሞ ሰዓት የተያዘለት አንድ ጉብኝት ብቻ ይኑርዎት፣ ከሰዓት በኋላውን ግን ለእግርዎና ለዓይንዎ ነፃ ያድርጉት።

የመጀመሪያውን ቀን በፓንቴዎን ዙሪያ እንዲያሳልፉ እመክራለሁ። ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ያሠራው ይህ ቤተ መቅደስ ከደጃፉ በላይ የአግሪጳን ስም ይዞ የቆመው፣ ሃድሪያን በዚያው ስፍራ ቀድሞ የነበረውን ሕንጻ ያሠራውን ሰው ስም ስላልፋቀው ነው። ጉልላቱ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ሲሆን ስፋቱ 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ክፍት ቀዳዳ ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል ነው። ብርሃን የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው፤ ዝናብም እንዲሁ በዚያው ገብቶ ወለሉ ላይ በተፈለፈሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። እዚያ ሳሉ ዝናብ ከጣለ እንደ ዕድል ይቁጠሩት። ሌሎቹ የጥንት ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ሲውል ይህ ሳይነካ የቀረው በ609 ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካራቫጆ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ያለ ክፍያ ይታያሉ። በዚያች አገር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከእኩለ ቀን በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚዘጉ ግን ይህን ጠዋት ያድርጉት። የናቮና አደባባይም የትሬቪ ፏፏቴም ከዚያ በዝግታ እየተራመዱ የሚደረስባቸው ናቸው። ትሬቪን በማለዳ፣ ሕዝቡ ሳይሞላው፣ ቢያዩት የተሻለ ነው። በ1762 የተጠናቀቀው ይህ ፏፏቴ ውኃውን የሚያገኘው አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ካስገነባው የውኃ መስመር መሆኑን ለልጅዎ ይንገሯት።

ሁለተኛውን ቀን ለኮሎሲየም ይስጡ። የመግቢያ ቲኬቱ የጎብኚው ስም የሚጻፍበትና ሰዓቱ የተወሰነ ስለሆነ ፓስፖርትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ቲኬቱንም ከሕጋዊው የሽያጭ ድረ ገጽ ቀደም ብለው ይግዙ፤ በር ላይ «ሰልፍ ሳትይዙ እናስገባችሁ» የሚሉትንም አይስሟቸው። ይኸው ቲኬት የጥንቷ ሮማ ዋና አደባባይ የነበረውን ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲኖን ኮረብታ ይጨምራል። ፎሮው ጥላ የሌለው፣ መሬቱም በወጣ ገባ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ለጉልበትዎ የሚከብደው እዚህ ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኮሎሲየምን ጠዋት አይቼ፣ ፎሮውን በግማሽ ሰዓት አልፌ፣ የቀረውን ጉልበቴን ለሳን ክሌሜንቴ እቆጥባለሁ።

ስለ ሳን ክሌሜንቴ ትንሽ ልቆይ፤ ለታሪክ መምህርት ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል አላውቅምና። ከኮሎሲየም በእግር ብዙ የማይርቀው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላይ ሲታይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የመቅደሱ ጣሪያ በወርቅ ሞዛይክ የተሸፈነ ነው። በ1857 የገዳሙ አለቃ የነበሩት አየርላንዳዊው አባ ጆሴፍ ሙሉሊ ከወለሉ በታች ማስቆፈር ሲጀምሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። ቁፋሮው ወደ ታች ሲቀጥል ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ቤቶችና ሚትራ የተባለው አምላክ ይመለክበት የነበረ ክፍል ተገለጠ። ዛሬ ከፍለው በደረጃ ወደ ታች ሲወርዱ አየሩ እየቀዘቀዘ ይመጣል፤ ከሁሉ በታች ባለው ክፍል ውስጥ ቆመው ጆሮዎን ቢሰጡ ከመሬት በታች የሚፈስ ውኃ ድምፅ ይሰማሉ። ደረጃውን ሲወጡ የልጅዎን ክንድ ይያዙ እንጂ ይህን አይተዉት።

ቫቲካን የሦስተኛው ቀን ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙዚየሙና የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አንድ በር ያላቸው ስለሚመስለው ነው። የሙዚየሙ መግቢያ በሰሜን በኩል ከቅጥሩ ዞሮ የሚገኝ ሲሆን ከአደባባዩ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር በእሑድ ዝግ ነው፤ በዚያ እሑድ ደግሞ መግቢያው ነፃ ስለሆነ መጨናነቁ ያይላል። ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሣለውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ለማየት ረጅም ኮሪደር ማቋረጥ ይጠበቅብዎታል፤ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ በዝምታ መቆምም ግዴታ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግን ያስፈልጋል፤ ነጠላዎን ይዘው ቢሄዱ ይበቃዎታል። ጉልላቱ ላይ መውጣትን ይተዉት። 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር የሚሄድ ሰው እንኳን ከዚያ በኋላ 320 ደረጃ ይቀረዋል። ከተማዋን ከላይ ለማየት በቬኔሲያ አደባባይ ያለው የነጭ እብነ በረድ መታሰቢያ ሕንጻ ጣሪያው ድረስ የሚያደርስ አሳንሰር አለው።

አራተኛውን ቀን ባዶ ይተዉት። ከሦስቱ ቀናት አንዱ በዝናብ ወይም በድካም ይጎድላልና መካካሻ ይሆንዎታል፤ ካልጎደለ ደግሞ ከዚህ በታች ለሌላ አንባቢ የተሰጠውን የመጨረሻውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን አላውቅም፤ ብቻዬን ነው የምሄደው። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ከተማ እንዴት ልግባ? ሌቦች እንደሚበዙም ሰምቼ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ ዋናው የባቡር ጣቢያ ወደ ቴርሚኒ ሳይቆም የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚያው የሚነሳው ሌላው ርካሽ ባቡር ቴርሚኒ አይገባም፤ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ በኩል ያልፋል። ማረፊያዎ በዚያ በኩል ከሆነ የሚሻለው እርሱ ነው። ነጭ ቀለም ያላቸው ሕጋዊ ታክሲዎች ከአውሮፕላን ጣቢያው እስከ ጥንታዊው ቅጥር ውስጥ ድረስ በከተማው አስተዳደር የተወሰነ ቋሚ ዋጋ ስላላቸው፣ ከመሳፈርዎ በፊት በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ያንብቡ። በአዳራሹ ውስጥ ቀርበው «ታክሲ» የሚሉዎትን ሰዎች ግን አይከተሉ።

በከተማው ውስጥ ሜትሮው ሀ፣ ለ እና ሐ እንደማለት A፣ B እና C የተባሉ ሦስት መስመሮች ብቻ ነው ያሉት። ይህን ያህል ትልቅ ከተማ ጥቂት መስመር ያላት የመሬቱ ሆድ በቅርስ የተሞላ በመሆኑ ነው፤ ቁፋሮው በየጥቂቱ የጥንት ግድግዳ ሲያጋጥመው ሥራው ቆሞ አርኪዮሎጂስቶች ይገባሉ። የአውቶቡስ ቲኬት እንደገቡ በማሽኑ ላይ ማስመታት ግዴታ ነው፤ ቲኬት መግዛት ብቻውን ከቅጣት አያድንም።

ስርቆቱ እውነት ነው፤ ዓይነቱ ግን በአብዛኛው ኪስ ማውለቅ እንጂ ጉዳት ማድረስ አይደለም። በቴርሚኒ ጣቢያ፣ በሜትሮ መውጫና መግቢያ በር ላይ፣ ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን አቅጣጫ በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዎን ከፊትዎ ያድርጉ፤ ፓስፖርትዎንም ከገንዘብዎ ለይተው ያኑሩ። ስለ ቋንቋው ብዙ አይጨነቁ፤ ከሚያስቡት በላይ ጣልያንኛ ያውቃሉ። ፌርማታ ያው ፌርማታ ነው፤ ፒያሳም፣ ጎማም፣ ካልሲም ከዚያው የመጡ ናቸው። አንድ ልዩነት ብቻ ይወቁ፤ እኛ ባኞ የምንለው ገንዳውን ሲሆን፣ እነርሱ ዘንድ «ባኞ የት ነው» ማለት መጸዳጃ ቤት መጠየቅ ነው። ውኃ ደግሞ አይግዙ። በየመንገዱ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ ሕዝቡ «ናዞኒ» ማለትም «ትልልቅ አፍንጫዎች» የሚላቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ያፈሳሉ።

ጥያቄ፦ የምሄደው በዐቢይ ጾም ነው። ሥጋና አይብ በሞላበት አገር ጾሜን ሳልፈታ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ይህን የጠየቁን አንባቢ ሥጋት ይገባኛል፤ የሮማ ዝነኛ ፓስታዎች ማለትም ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ካቾ ኤ ፔፔ ሁሉም በበግ ወተት አይብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ በአሳማ ሥጋ ጭምር የሚሠሩ ናቸውና። ሆኖም የደቡብና የመካከለኛው ጣልያን ምግብ በወይራ ዘይት ላይ የቆመ ስለሆነ የጾም ምግብ ማግኘት አይከብድም። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ከፓስታው ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራው አሊዮ ኤ ኦሊዮ፣ በሚያቃጥል ቲማቲም የሚሠራው አራቢያታም አይብ እንዳይነሰነስባቸው ካዘዙ ጾም ናቸው። ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ የሚሠራ ሲሆን፣ በእጅ የተሠራ ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ይጠይቁ። ዐቢይ ጾም በሮማ አርቲቾክ የተባለው እንቡጥ መሳይ አትክልት የሚደርስበት ወቅት ነው። በጥንታዊው የአይሁድ ሰፈር በዘይት ጠብሰው እንደ አበባ ተከፍቶ የሚያቀርቡትን ሳይቀምሱ አይመለሱ። ከጣፋጩ ወተት የሌለበትን የፍራፍሬ ሶርቤቶ ይምረጡ። ቡና ቆመው ቢጠጡ፣ ተቀምጠው ከሚጠጡት በአብዛኛው ቦታ ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በጀርመን የምኖር አባት ነኝ። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼን ይዤ ወደ ሮማ ልሄድ ነው። ከኮሎሲየሙ ጎን ለጎን የእኛን ታሪክ የሚነካ የማሳያቸው ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ይጀምራል። ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት ጥር 26 ቀን 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የተሸነፉት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከጣቢያው ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በዲዮቅላጢያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ ባለው ትንሽ የአትክልት ስፍራ፣ በግብፅ ሐውልት ጫፍ የተጌጠ የእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ ዘርፈው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያስቀመጡት በዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም በ1938 ተቃውሞውን ያሰማው እዚያው ላይ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል። መታሰቢያው በርካታ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ስለሆነ ልጆችዎ ፊቱ ቆመው ታሪኩን ሲሰሙ ሌላ ሰው አይጋፋቸውም።

በፓንቴዎን ውስጥ ከሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ሌላ የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር አለ። የውጫሌ ውል በ1889 ሲፈረምም፣ በ1896 የጣልያን ጦር ዐድዋ ላይ ድል ሲሆንም በዙፋኑ ላይ የነበረው እርሱ ነው። ለ12 ዓመቱ ልጅ ይህ ብቻውን የአንድ ምሽት ጨዋታ ይወጣዋል። በሳን ጆቫኒ አካባቢ ደግሞ በአምባ አራዳም ስም የተሰየመ መንገድ አለ። በ1936 በዚያ ተራራ የደረሰብን እልቂት በጣልያን ተራ ንግግር ውስጥ «ትርምስ» ለማለት የሚያገለግል ቃል ሆኖ መቅረቱን ስሰማ ልቤ ታውኳል። በዚያ ሰፈር የተሠራው የሜትሮ ጣቢያ በዚሁ ስም እንዲጠራ ታስቦ ነበር፤ በ2020 ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ግን ፖርታ ሜትሮኒያ በሚል ስም ተከፍቷል።

ታሪኩ ግን የጦርነት ብቻ እንዳይመስላቸው ስለ ቫቲካን ይንገሯቸው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ከነበሩት አባቶች ግዕዝ የተማረው ጀርመናዊ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 የዳዊትን መዝሙር በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ እርሱ ነው። ከ35 ዓመታት በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያችው ከተማ ማሳተም ጀመሩ። የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ያዘጋጀው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍም ከመምህሩ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው በ1649 በሮማ ነው። ልጆችዎ በጀርመን የሚያድጉ እንደመሆናቸው ይህን ቢያውቁ እንዴት መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሚገኘው ለሕዝብ ክፍት ባልሆነው የቫቲካን ክፍል ስለሆነ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፤ የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ በአስጎብኚ ለማየት አስቀድመው ቢያስመዘግቡ ግን ወደ አካባቢው ይቀርባሉ።

የመጨረሻውን ቀን ለፖርታ ካፔና አደባባይ ያቆዩት። በሜትሮ «ለ» (B) መስመር ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው ጣቢያ ሲወጡ፣ ከፊት ለፊትዎ የሚያዩት ትልቅ ነጭ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንጻው የታቀደው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሙሶሊኒ በ1937 ከአክሱም አስወስዶ ያስተከለው 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት ከዚሁ ሕንጻ ፊት 65 ዓመታት ያህል ቆሟል። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ልትመልስ ብትፈርምም፣ ሐውልቱ የተነቀለው በ2003 ነው፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው በ2005፣ ተተክሎ የተመረቀውም በ2008 ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ የሚታይ የአክሱም ድንጋይ የለም፤ አደባባዩ ላይ ያሉት ሁለት ዓምዶች በመስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ናቸው። ልጆችዎን ግን በዚያ ባዶ ቦታ ያቁሟቸው፤ ሐውልቱ አክሱም ቆሞ የሚያሳይ ፎቶግራፍም ይዘው ይሂዱና እዚያው ያሳዩአቸው። ሲጨርሱ መንገዱን ይሻገሩ፤ የጥንት ሮማውያን የሠረገላ ውድድር ያደርጉበት የነበረው ቺርኮ ማሲሞ ዛሬ ሣር የለበሰ ረጅም ሜዳ ስለሆነ፣ ትንሹ ልጅ እስኪደክመው የሚሮጥበት ቦታ አያጣም።